የሰው መልክ በነጋዴው ገጽ ላይ

ከቆቦ፤ በአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ የቀረበ ትምህርት

እንደሚታወቀው የሱቅ ማስታወቂያ ቀድሞ በበር ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ፣ በግድግዳ ላይ በሚንጠለጠል የቀን መቁጠሪያና በገበያ ለፋፊ ድምፅ የሚከናወን ነበር። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ቆቦን በሚያቋርጥበት ስፍራ፣ በግራና በቀኝ ካሉት ንግድ ቤቶች ብዙዎቹ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ የየራሳቸውን ገጽ ከፍተው ይነግዳሉ። በሆርማትና በጎሊና መስኖ የለማው ሽንኩርት ገና ከማሳው ሳይነሣ ፎቶግራፉ ደሴና አዲስ አበባ ደርሶ ዋጋ ይጠየቅበታል። ጨርቅ ሻጩም፣ ቅባትና ሽቶ ሻጩም፣ የሞባይል ቀፎ ሻጩም ዕቃውን በፎቶግራፍ ያሳያል። ይህ የሚያስመሰግን እንጂ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ የራያ ቆላ ነጋዴ ከሩቅ ገዢ ጋር ያለ ደላላ የሚገናኝበትን በር ከፍቶለታልና።

ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከዕቃው ፎቶግራፍ አጠገብ የሰው ፎቶግራፍ መታየት ጀምሯል። ፈቃድ ተጠይቆ እንደ ሆነ ገጹን የከፈተውን ነጋዴ ብንጠይቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው መልስ «ከኢንተርኔት ላይ ያወረድሁት ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ በቂ መስሎ የሚታየው ነጋዴ ብዙ ስለሆነ፣ በቂ አለመሆኑን ከሕግ፣ ከልማድና በዚሁ በወሎ ምድር ከሆነው ነገር እያመጣሁ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በቋንቋችን «ገጽ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው የመጽሐፍ ቅጠል ፊት ነው፤ ሁለተኛው የሰው ፊት ነው። ነጋዴው «ገጽ ከፈትሁ» ሲል የመጀመሪያውን ማለቱ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን በመጀመሪያው ላይ የሚለጥፈው ሁለተኛውን፣ ያውም የሌላ ሰው የሆነውን መሆኑ ነው።

በራያ ቆቦ ልጃገረዶች ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የሶለልን በዓል ሲያከብሩ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ የአገር ልብስ ለብሰው፣ በየደጃፉ እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ይጨፍራሉ። በሰቆጣ ሻደይ፣ በላሊበላ አሸንድዬ ከሚባሉት በዓላት ጋር የአንድ ወቅት በዓል ነው። ካሜራና ስልክ የያዘ ሁሉ ሲያነሣቸው ልጃገረዶቹ አይከለክሉም፤ በዓሉ የአደባባይ ነውና ደስ ብሏቸው ይቆማሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ከተነሡት አንዲቱ ወራት ካለፉ በኋላ ፎቶግራፏ በአንድ የቅባት ሻጭ ገጽ ላይ ወጣ። ከሥሩም «ጸጉሬን ያሳመረልኝ ይህ ቅባት ነው» የሚል ቃል ተጽፎበት ነበር። ልጅቱ ቅባቱን በዓይኗም አይታው አታውቅም። በዚያን ጊዜ ትምህርቷን ጨርሳ ታጭታ ነበርና የእጮኛዋ ወገኖች «ለማን ብላ ቆማ ተነሣች? ስንትስ ተከፈላት?» ብለው ሽማግሌ እስከ መላክ ደረሱ።

አባትየው በገበያ ቀን ከገጠር መጥተው ከሱቁ ደጃፍ ቆሙ። እኔም በዚያ ሰዓት ለሒሳብ ጉዳይ ወደዚያው ሱቅ ሄጄ ስለ ነበር የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«የልጄን መልክ በስንት ብር ገዛኸው?» አሉት።

«አባባ፣ የገዛሁት አይደለም፤ ከስልክ ላይ ያገኘሁት ነው» አለ ባለሱቁ።

«እንግዲያስ ያልገዛኸውን እንዴት ትሸጣለህ?»

ባለሱቁ መልስ አጣ። ነገሩ በሽማግሌ አልቆ ፎቶግራፉ ከገጹ ወረደ፤ ባለሱቁም ካሠ። ዳሩ ግን በእነዚያ ወራት ውስጥ ፎቶግራፉን ከዚያ ገጽ ወስደው በሌላ ከተማ ለሌላ ቅባት ያዋሉት ሰዎች ነበሩና የወረደው ከአንድ ስፍራ ብቻ ነው። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሲቀደድ ያልቃል፤ በስልክ የተላለፈ ግን የት እንደ ደረሰ ያስተላለፈው ሰው ራሱ አያውቀውም።

አባትየው የሕግ መጽሐፍ አላነበቡም፤ ሆኖም ጥያቄያቸው ከሕጉ ጋር አንድ ነው። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 ላይ የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ባለመልኩ ሳይፈቅድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ይህ ሕግ ሲጻፍ ስልክ በኪስ የሚያዝ ዕቃ አልነበረም፤ የሕጉ አዘጋጆች ያሰቡት የፎቶ ቤት መስኮትን፣ ጋዜጣንና የሚሸጥ ካርድን ሳይሆን አይቀርም። የሆነ ሆኖ በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚመለከተው የቴሌግራም ገጽ አደባባይ ካልተባለ፣ አደባባይ የሚባል ስፍራ ከቶ የት ይገኛል?

ቁጥር 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ሰውየው በዝናው ወይም በያዘው የሕዝብ ሥራ የታወቀ ሲሆን፣ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲውል፣ እንዲሁም ፎቶግራፉ ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር ተያይዞ የወጣ ሲሆን ባለመልኩን ማስፈቀድ ግዴታ አይደለም። ባለሱቆች የሚጠጉት በዚህች በመጨረሻዪቱ ቃል ነው። «ሶለል የአደባባይ በዓል ነው፤ ስለዚህ ፎቶግራፉ የሁሉም ነው» ይላሉ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ዳሩ ግን ቃሉን ረጋ ብሎ ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ ግልጥ ሆኖ ይታየዋል። ስለ ሶለል የሚጽፍ ሰው የበዓሉን ፎቶግራፍ ቢያወጣ ፎቶግራፉ የሚናገረው ስለ በዓሉ ነው። ቅባት ሻጩ ሲያወጣው ግን የሚናገረው ስለ ቅባቱ ነው። በዓሉ በአደባባይ ተደርጓል፤ የቅባቱን ሽያጭ ከበዓሉ ጋር ምን አገናኘው? ለመንገር የተፈቀደው ለመሸጥ አልተፈቀደም። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በቁጥር 29 መሠረት መልኩ ያለ ፈቃዱ የታየበት ሰው ነገሩ እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል፤ ዳኞችም አውጪው ከፎቶግራፉ ያገኘውን ጥቅም ያህል ካሣ እንዲከፍል ሊፈርዱበት፣ ተጠይቆ ወዲያው ካላቆመም ስለ ኅሊና ጉዳት ተጨማሪ ሊያስከፍሉት ይችላሉ። አባትየው «በስንት ገዛኸው?» ብለው የጠየቁትን ዳኛው «ስንት አተረፍህበት?» ብሎ ይጠይቃል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን ማንነት የሚያሳውቅ መረጃ በሚሰበስብና በሚጠቀም ላይ ግዴታ ጥሏል። ማንነትን በማሳወቅ ረገድ ፊት ከስም ይቀድማል። ጠበቃ ያለው ንግድ ቤት ስለዚህ አዋጅ ጠበቃውን ቢጠይቅ አይጎዳም።

በመንገርና በመሸጥ መካከል ያለው ልዩነት በሕግ ቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። የዚህ አገር ሰው መልክ ከአገር ወጥቶ ምን እንደ ሆነ ማየት ይበቃል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በፊልም አንሥቶ በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ፊልሙ ተሰውሮ የነበረውን ረኃብ ለዓለም ገለጠ፤ ርዳታም ተሰበሰበበት። አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ቀን ዋዜማ፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በዚህ ጊዜ ግን የቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች በየመካከሉ ተቀጥለውበት ነበር። የወሎው ረኃብተኛ መልክ አልተለወጠም፤ አጠገቡ የገባው ሥዕል ግን ሌላ ነገር አናገረው። መቀጠሉ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበት፤ ለነጋዴው የሚጠቅመው ሌላ ነው። ፎቶግራፍ የሚናገረው ከጎኑ በተቀመጠው ነገር ነው። በሰው ፎቶግራፍ አጠገብ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥርና የዕቃ ስም የጻፈ ነጋዴ ያንን ሰው ለዕቃው ምስክር አድርጎ አቁሞታል፤ ያውም ሳይጠራው።

ከቆቦ በስተ ሰሜን፣ ከአላማጣ በላይ ከዳገቱ ራስ ላይ ያለችው ኮረም በ1977 ዓ.ም. በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። የቢቢሲው ማይክል ቡርክና የኬንያው ተወላጅ መሐመድ አሚን በኮረም መጠለያ ያነሡት ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ተነቃነቀ፤ እህል መጣ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ተረፈ። ይህን መካድ ነውር ነው። እነዚያ ሰዎች የመጡት ለመንገር ነበር፤ ነገሩንም ነገሩ።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በእንግሊዝ አገር ስለ ርዳታው የታተመው የገና ዘፈን ሸክላ፣ ሽፋኑ ላይ በአውሮጳ የገና ጌጣጌጥ መካከል የተራቡ የኢትዮጵያ ሕፃናት መልክ ተቀምጦበት ነበር። ሸክላው በሚሊዮን ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለርዳታ ዋለ። ሽፋኑን በእጁ ከያዘው ገዢ መካከል ግን የእነዚያን ሕፃናት ስምና መንደር የሚያውቅ ስንት ይገኛል? ከዚያም ወዲህ የዚያ ዘመን መልኮች የገንዘብ መሰብሰቢያ ማስታወቂያ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲመላለሱ ቆይተዋል። በሕፃንነቱ በኮረም የተነሣ ሰው ዛሬ አርባ ዓመት አልፎታል። ነግዶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ልጆች ወልዶ ይኖር ይሆናል፤ ፎቶግራፉ ግን አሁንም ይራባል።

ለጋሾቹ ራሳቸው ይህን ሳይታዘቡ አልቀሩም። በ1981 ዓ.ም. በአውሮጳ የሚገኙ መንግሥታዊ ያልሆኑ የልማት ድርጅቶች ስለ ሥዕልና ስለ መልእክት አያያዝ አንድ የሥነ ምግባር ደንብ አጸደቁ። ደንቡ ሰውን ምስኪን ብቻ አድርገው የሚያሳዩ ሥዕሎች እንዲቀሩና ሰዎቹ ስለ ራሳቸው ራሳቸው እንዲናገሩ የሚመክር ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት የውጭ አገርን ሰው ለመክሰስ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከቆቦና ከአካባቢው ብዙ ሰው ወደ ወልድያና ወደ ደሴ በተፈናቀለ ጊዜ የአገራችን ነጋዴ ዱቄት፣ ዘይትና ብርድ ልብስ አዋጥቷል፤ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ከለጋሾቹ አንዳንዶቹ ተፈናቃዩ ዱቄቱን ሲቀበል ፊቱን ወደ ካሜራ እንዲያዞር እያደረጉ ያነሡትን ፎቶግራፍ ከንግድ ቤታቸው ስምና ከስልክ ቁጥራቸው ጋር አወጡት። ያ ተፈናቃይ ዛሬ ወደ ቀዬው ተመልሶ ምናልባት ከእነርሱው ሱቅ በገንዘቡ የሚሸምት ሰው ነው። ልጆቹም ስልክ አላቸው። የከረጢቱ ብዛትና የለጋሱ እጅ ቢታይ ለሒሳብም ለምስክርነትም በበቃ ነበር፤ በእስልምናም በክርስትናም የተሰወረ ምጽዋት የተመሰገነ መሆኑን ለወሎ ሰው ማስተማር አያስፈልግም።

ሌላም የከፋ ልማድ አለ። ዱቤውን ያልከፈለን ደንበኛ ወይም በስርቆት የተጠረጠረን ሰው ፎቶግራፍ «ከዚህ ሰው ተጠንቀቁ» እያለ የሚለጥፍ ባለሱቅ በየከተማው ተነሥቷል። ለዚህ ደግሞ ሰበብ የሚደረገው ሕጉ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ የፈቀደው ነገር ነው። ፖሊስ ተፈላጊን ሰው ቢለጥፍ ሕግ ፈቅዶለታል፤ ባለሱቅ ግን ፖሊስም ዳኛም አይደለም። የሱቁ ካሜራ የቀረጸውን ነገር ለፖሊስ ማስረከብ፣ ዱቤውንም በሽማግሌ ወይም በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። የተጠረጠረው ሰው ሌላ ሆኖ ቢገኝስ? በአንድ ኪሎ ስኳር ምክንያት የተለጠፈ ፊት በስም ማጥፋት ክስ ሆኖ ሲመለስ ሱቁን ከነመደርደሪያው የሚያሸጥ ዕዳ ሊያመጣ ይችላል። በእኔ በኩል ዱቤ የሰጠ ሰው የሰጠው አምኖ ነውና እምነቱ ቢፈርስበትም ገመናን ወደ ማውጣት መሄድ የለበትም እላለሁ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ባለመልኩ ነው። ፎቶግራፍ ግን ሁለት ባለቤት አለው፤ ሁለተኛው አንሺው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለፎቶግራፍ ሥራ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል። ከፎቶግራፉ ጥግ የአንሺውን ስም ቆርጦ ጥሎ የራሱን ሱቅ ስም የሚጽፍ ሰው፣ የሰው በሬ ነድቶ ምልክቱን አጥፍቶ የራሱን ከሚተኩስ ሰው በምን ይለያል? በጉግል ፈልጎ ማግኘትም ፈቃድ አይደለም፤ ጉግል መንገድ የሚያሳይ ደላላ እንጂ ባለዕቃ አይደለምና። በዚያው በፍለጋው ስፍራ የአጠቃቀምን መብት የሚለይ ማጣሪያ አለ። ደግሞም አንሺዎቻቸው ሰው ሁሉ እንዲጠቀምባቸው የፈቀዷቸው ፎቶግራፎች የሚገኙባቸው ማኅደሮች አሉ፤ ዊኪሚዲያ ኮመንስ አንዱ ነው። በእነዚህም ቢሆን የአንሺው ስም እንዲጻፍ ግድ የሚሉ ብዙዎች ስለሆኑ ከሥሩ ያለውን ቃል ማንበብ ይገባል። ልብ ይሏል፤ አንሺው ፈቀደ ማለት ባለመልኩ ፈቀደ ማለት አይደለም።

ሰው የሌለበት የዕቃ ፎቶግራፍስ? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የንግድ ቤታችን ባለፈው ጊዜ ያነሣውን የሽንኩርት ፎቶግራፍ በሌላ ከተማ ያለ አንድ ነጋዴ ከገጻችን ወስዶ ቀብድ ተቀበለበት። ገዢው የደረሰው ሽንኩርት ደቃቅና የበሰበሰ ሆነበት። በፎቶግራፉ ጀርባ የመጋዘናችን ሰማያዊ በር ይታይ ነበርና፣ ቀድሞ ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረው ይህ ገዢ በሩን አውቆት የወቀሰው እኛን ነው። ሽንኩርቱ የእኛ አለመሆኑን ለማስረዳት ሦስት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ገዢው ቢያምነንም እስከሚያምነን ድረስ አንድ የምርት ወቅት አለፈ። እንግዲህ ሰው በሌለበት ፎቶግራፍም ውስጥ የሰው ስም አለ።

ለላኪው ነጋዴ ጉዳቱ ከዚህም ይበልጣል። በውጭ አገር ያለው ገዢ ሽምብራውን ወይም ሰሊጡን በእጁ ሳይዝ የተላከለትን ፎቶግራፍ እንደ ናሙና ይቆጥረዋል። የተላከው ከሌላ ሰው መጋዘን የተነሣ ፎቶግራፍ ከሆነ ናሙናው ሐሰት ነው፤ የሐሰት ናሙና ደግሞ የአንድን ላኪ ብቻ ሳይሆን የአገርን ዕቃ ስም ያጎድፋል። አስመጪው በበኩሉ የፋብሪካውን ፎቶግራፍ ለመጠቀም ከፋብሪካው የጽሑፍ ፈቃድ ቢጠይቅ በቀላሉ ያገኛል፤ ፋብሪካ ዕቃው እንዲሸጥለት ይወዳልና። ግን የሚያስመጣው ሌላ ዓይነት ሆኖ ፎቶግራፉን ከታወቀ ፋብሪካ መውሰድ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የከለከለው አሳሳች ማስታወቂያ ነው። «ሥዕሉ ሌላ፣ ዕቃው ሌላ» የሚለውን የሸማች እሮሮ የማያውቅ ባለሱቅ የለም።

በቅርቡም ፊትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እያናገሩ ማስታወቂያ የሚሠሩ ተነሥተዋል። የታወቀ ዘፋኝ ወይም ሐኪም ያላለውን እንዲል ይደረጋል። ዝነኛ ሰው ያለ ፈቃዱ ፎቶግራፉ ሊወጣ ይችላል የሚለው የሕጉ ቃል ስለ ዝናው ለመናገር ነው እንጂ ሳሙና እንዲሸጥ ለማድረግ አይመስለኝም፤ ያላለውን ማስባል ደግሞ ከፎቶግራፍ ጉዳይ አልፎ ሐሰተኛ ምስክር ማቆም ነው።

እንግዲህ ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል? ነገሩ የሚከብድ አይደለም። በእኛ ልጅነት በወልድያና በደሴ የነበሩ ፎቶ ቤቶች ያማረ ፎቶግራፍ ሲያገኙ በመስኮታቸው ከመስቀላቸው በፊት ደንበኛውን ያስፈቅዱ፣ አንድ ቅጂም በነጻ ይሰጡ ነበር። ዛሬ ያንን ልማድ ወደ ስልክ ማምጣት ነው።

በቆቦ ገበያ ቲማቲም ሻጪቱ መዝና ከጨረሰች በኋላ ሁለት ሦስት ፍሬ ምርቃት ትጨምራለች። አንዳንድ ሰው መልኳንም የምርቃቱ ክፍል አድርጎ ሳይጠይቅ ያነሣታል። ቲማቲሙን የገዛ ሰው ሻጪቱን አልገዛም። ስለዚህ አስቀድሞ በሚገባት ቋንቋ ይነገራት፤ ወደ ገበያችን አማርኛም፣ ትግርኛም፣ አፋርኛም፣ ኦሮምኛም የሚናገር ይመጣልና በማይገባው ቋንቋ የተናገረ ሰው እሺ ቢባልም አልተፈቀደለትም። ፎቶግራፉ የት እንደሚወጣ፣ ከምን ዕቃና ከምን ቃል ጋር እንደሚወጣ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ምን እንደሚከፈላት ትወቅ። በስልኩ ላይ ገጹን ከፍቶ «እዚህ ላይ ነው የሚወጣው» ብሎ ማሳየት ከብዙ ቃል ይሻላል። አንዲት ሴት እንዲህ ሳስረዳት ጥቂት አሰበችና «ወንድሜ፣ ቲማቲሙን አንሣው፤ እኔን ተወኝ» አለችኝ። ቲማቲሙንና ሚዛኑን አነሣሁ፤ በማግስቱ ወደ ወልድያ ተጫነ።

ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲሆን አባት ወይም እናት ካልፈቀዱ በቀር አይነሣ፤ ቢፈቅዱም ልጁ ራሱ እንቢ ካለ ይቅር። የሞተ ሰው ፎቶግራፍ ክብሩን የሚነካ ሆኖ ቢወጣ የቅርብ ዘመዶቹ በሕግ ሊጠይቁ እንደሚችሉም አይዘንጋ።

ወረቀቱ አጭር ይሁን። በእኛ ንግድ ቤት የምንጠቀምበት ቃል የሚከተለው ነው፤ የፈለገ አንባቢ ቢወስደው ደስ ይለናል።

«እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጻፈው በዛሬው ቀን በቆቦ ገበያ የተነሣሁት ፎቶግራፍ በንግድ ቤቱ የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጽ ላይ ለሽንኩርት ሽያጭ ማስታወቂያ ብቻ እስከ ስድስት ወር ድረስ እንዲወጣ ፈቅጃለሁ። በእኔ ስም ያልተናገርሁት ቃል አይጻፍበትም። ለሌላ ንግድ ቤት አይሰጥም። ስለዚህም የተስማማነውን ገንዘብ ተቀብያለሁ። ከቀኑ በፊት ይውረድልኝ ካልሁ ይወርዳል።»

የማይጽፍ ሰው ሲሆን ቃሉ ጮክ ብሎ ይነበብለትና ሁለት እማኞች ባሉበት በጣቱ ያትም፤ ከፍ ያለ ገንዘብ ያለበት ከሆነ ግን በውልና ማስረጃ ዘንድ ቢፈጸም ይመረጣል። ለፎቶግራፍ አንሺው ሲከፈልም በደረሰኙ ላይ ፎቶግራፉ ለምን ሥራ እንደ ተገዛ አንድ መስመር ይጨመርበት።

ወረቀቶቹ ከግብር ደረሰኞች ጎን በአንድ ማኅደር ይቀመጡ፤ በእያንዳንዱ ራስጌ ላይ ፎቶግራፉ የሚወርድበት ቀን በቀይ ይጻፍ። ባለመልኩ አስቀድሞ ይውረድልኝ ብሎ ቢመጣ በዚያው ቀን፣ ሰውየው ሳይሄድ፣ በፊቱ ይወርዳል። ፎቶግራፉ የተላለፈላቸው ደንበኞች ቢኖሩም እንዲያጠፉት መልእክት ይላክላቸዋል። ቀኑን የሚከታተል አንድ ሰው በየንግድ ቤቱ መመደብ አለበት፤ በእኛ ቤት ይህ ሥራ የጸሐፊው ነው።